ስክሪኑ ላይ የበራው አምፖል ፈተና ላይ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ የማስተምረው ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። በአንድ ሴክሽን 58 ተማሪ አለ። ዲፓርትመንታችን አንድ ፕሮጀክተር አለው፤ ላፕቶፑ የራሴ ነው። ከስልኬ ዳታ ውጪ ኢንተርኔት የለም። ዘንድሮ የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ በኮምፒዩተር ሰርኪት የሚገጣጠምበትን ሲሙሌሽንና ጥቂት ቪዲዮዎች ለአንዱ ሴክሽን አሳየሁ። በደስታ ተከታተሉ፤ ‹ገባችሁ?› ስል ‹አዎ!› አሉ። ፈተናው ላይ ግን ካላየው ሴክሽን ምንም አልተሻሉም። አንድ ባልደረባዬም ‹ይኼ እኮ ያው ፕላዝማ ነው› አለኝ። እውነት ልፋቱ ዋጋ አለው? ካለውስ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣ ልፋቱ ዋጋ አለው። ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው ግን ተማሪዎችዎ ያዩት መልሱን ብቻ ነው። አምፖሉ በራ፣ ሰማያዊዎቹ ኳሶች በሽቦው ውስጥ ተንሸራተቱ፣ ቁጥሩ ወጣ። ከዚያ በፊት «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ተብሎ የተጠየቀና ግምቱን በወረቀት ያሰፈረ ተማሪ አልነበረም። ኬትሪን ክራውችና ኤሪክ ማዙር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሃርቫርድ ጥናት የፈተሸው ይህንኑ ነው፦ ሠርቶ ማሳያውን ዝም ብለው የተመለከቱት ሙከራውን ጨርሶ ካላዩት እምብዛም አልተሻሉም፤ ከማየታቸው በፊት ውጤቱን የገመቱት ግን በግልጽ ተሻሉ። ያ ጥናት የተሠራው በእውነተኛ ዕቃ ነው፤ ለሲሙሌሽንም ነገሩ አይለወጥም።

የባልደረባዎም ነቀፋ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ዋና ችግሩ አለመቆሙ ነበር። መምህሩ የሚጫነው ማቆሚያ አልነበረውም፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል፣ ያልገባው አልገባውም፣ ትምህርቱ ያልፋል። ሲሙሌሽኑ ግን በእጅዎ ነው፤ ሲያቆሙት ይቆማል። ሳያቆሙ ካሳዩት ባልደረባዎ ልክ ናቸው።

እንግዲህ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በዝርዝር እንይ። መሣሪያው «ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት፦ ዲሲ» ነው፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ቦልደር፣ በነጻ ከሚያቀርበው «ፌት» ከተባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ስብስቡን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ነው። ክፍል ከመግባትዎ በፊት ባለ 9 ቮልት ባትሪና ሦስት ባለ 10 ኦም አምፖሎች ይገጣጥሙ፦ አምፖል «ሀ» ከባትሪው ጋር በሲሪስ (በአንድ መንገድ ተከታትሎ)፣ «ለ» እና «ሐ» እርስ በርሳቸው በፓራለል (በየራሳቸው ቅርንጫፍ ጎን ለጎን)፤ በ«ሐ» ቅርንጫፍ ላይ ስዊች ያስገቡ። ይህን ክፍል ውስጥ ልገጣጥም ካሉ ከ5 ደቂቃ በላይ ይበላል፤ ክፍሉም በዚያ መሀል ወሬ ይጀምራል። የኤሌክትሮኖቹን እንቅስቃሴና «ቫልዩስ» የሚለውን ምልክት ያጥፏቸው። ቁጥሩ አስቀድሞ ከታየ ግምት የሚባል ነገር የለም።

ሲሙሌሽኑ የገጣጠሙትን አያስቀምጥም። ገጹን እንደገና ከጫኑት፣ ወይም በስተቀኝ ታች ያለችውን ብርቱካናማ ክብ ቁልፍ ከነኩ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ያስተካክሉት፤ ወይም ሳይዘጉት ይዘውት ይግቡ። ስክሪኑን ለመሙላት ኤፍ 11ን ይጫኑ፤ ከዚያ ውስጡ ባለው የማጉያ ምልክት ሰርኪቱን ያጉሉት። በ58 ተማሪ ክፍል የኋላው ረድፍ ከፊት የሚታየውን ግማሹን አያይም፤ ትምህርቱ ሳይጀመር ኋላ ሄደው ራስዎን በዚያ ቦታ አስቀምጠው ይመልከቱ።

ክፍል ሲገቡ ፕሮጀክተሩን ገና አያብሩት። ሰርኪቱን በጠመኔ ይሳሉና ይጠይቁ፦ «‹ሐ› ከመስመር ቢወጣ ‹ሀ› ምን ይሆናል? ‹ለ›ስ?» እያንዳንዱ ተማሪ በሩብ ወረቀት ላይ ለሁለቱም አምፖሎች «ይደምቃል»፣ «ይደበዝዛል» ወይም «አይለወጥም» ብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩ አንድ መስመር ምክንያት። ለዚህ 3 ደቂቃ ይበቃል። እጅ ያስወጡና ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይመዝግቡ። እዚህ ላይ ፊትዎን ይጠብቁ፤ ለአንዱ መልስ ራስዎን ከነቀነቁ ሁሉም ወደዚያው ይገለበጣል። ቀጥሎ በየሁለት ዴስኩ የፊተኞቹ ወደ ኋላ ይዙሩና የተለየ መልስ የጻፈ ጓደኛቸውን 4 ደቂቃ ያህል ይከራከሩ። ዳግመኛ እጅ ያስወጡ። አሁን ፕሮጀክተሩን ያብሩና «ሐ»ን ያጥፉ።

«ሀ» ይደበዝዛል፣ «ለ» ይደምቃል፣ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። ዝም ይበሉና ክፍሉ ይንጫጫ። ከዚያ «ቫልዩስ»ን ያብሩ፣ አምሜትር (የከረንት መለኪያ) ያስገቡ፦ «ሀ» ከ0.6 ወደ 0.45 አምፔር ወርዷል፣ «ለ» ከ0.3 ወደ 0.45 ወጥቷል። ተማሪዎቹ ራሳቸው በኦም ሕግ ያስሉት፤ መጀመሪያ አጠቃላዩ ሪዚስታንስ 15 ኦም ነበር፣ አሁን 20 ሆነ።

ወረቀቶቹን ሰብስበው ሲያነቡ ሁለት ስሕተቶች ተደጋግመው ያገኛሉ። አንደኛው «‹ሀ› አይለወጥም፤ ከ‹ሐ› በፊት ነውና» የሚለው ነው። ይህ ተማሪ ከረንት ከባትሪው ተነሥቶ አምፖሎቹን በየተራ እየጎበኘ የሚሄድ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የማያውቅ ነገር ይመስለዋል። ሁለተኛው «‹ለ› የ‹ሐ›ን ድርሻ ስለሚወስድ 0.6 ይሆናል» የሚለው ነው፤ ይህኛው ባትሪ ምንም ቢሆን አንድ ዓይነት ከረንት የሚያወጣ መስሎታል። የሁለቱ መድኃኒት ይለያያል። ለመጀመሪያው «ሀ»ን ከባትሪው ወዲያኛው ጎን ያዙሩና እንደገና ያስገምቱ፦ መልሱ አይለወጥም፣ እሱም ግራ ይገባዋል፣ ያን ጊዜ ይሰማዎታል። ለሁለተኛው በባትሪው አጠገብ አምሜትሩን ያቁሙና አምፖሎችን አንድ በአንድ በፓራለል ይጨምሩለት፦ 0.9፣ 1.8፣ 2.7።

እዚህች ላይ ግን ሲሙሌሽኑ ራሱ አንድ የተሳሳተ ነገር ሊያስተምር ይችላል። ባትሪው ሲጀመር ውስጣዊ ሪዚስታንሱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ በፓራለል ስንት አምፖል ቢጨምሩ የመጀመሪያው ድምቀት ንቅንቅ አይልም። ተማሪው ቤቱ ሄዶ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ሲሞክር ግን አምፖል በተጨመረ ቁጥር ሁሉም ይደክማሉ፤ «የኮምፒዩተሩ ውሸት ነው» ይላል፣ ወይም ይባስ ብሎ «ፊዚክስ ከመጽሐፍ ውጪ አይሠራም» ይላል። ስለዚህ የላቁ አማራጮች በሚለው ሥር የባትሪውን ውስጣዊ ሪዚስታንስ 1 ኦም ያድርጉት። አሁን አንድ አምፖል ብቻውን 0.82 አምፔር፣ ሁለት ሲሆኑ እያንዳንዱ 0.75፣ ሦስት ሲሆኑ እያንዳንዱ 0.69 ይወስዳል። ምሽት ላይ የሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ለምን ደም እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ እዚያ የሚጎዳው በዋናነት የመስመሩና የትራንስፎርመሩ ሪዚስታንስ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ስለ እውነተኛው ዕቃ ካነሣን ዘንድ፦ አንድ እውነተኛ ሰርኪት ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ይህ ምዕራፍ እንዳያልፍ። በኮሎራዶ የተሠራና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሲሙሌሽን ብቻ የተለማመዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኋላ እውነተኛ ሰርኪት ሲገጣጥሙ በዕቃ ከተለማመዱት የተሻሉ እንደነበሩ አሳይቷል። ይህን ይዘው «ላብራቶሪ አያስፈልግም» የሚሉ አሉ። የሚዘነጉት ግን እነዚያ ተማሪዎች ማውሱን በገዛ እጃቸው ይዘው እንደነበር ነው፤ ከሩቅ ፕሮጀክተር አልተመለከቱም።

ዕቃው ላይ ብዙ መምህራን የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። ዛሬ ሱቅ ያለው የእጅ ባትሪ ሁሉ ኤልኢዲ ነው፤ የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ከገበያ ሊጠፋ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱን በሲሪስ አድርገው በሁለት ድንጋይ፣ ማለትም በ3 ቮልት፣ ቢሞክሩ አንዱም አይበራም፤ ተማሪው «በሲሪስ ከረንት ያልቃል» ብሎ ይደመድማል። ኤልኢዲ የኦምን ሕግም አይከተልም፣ ተገልብጦ ከተገጠመም ዝም ይላል። ይልቅ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት የታርጋ ወይም የፓርኪንግ አምፖል ሦስት ከነመያዣው ይግዙ። ኃይሉን ከአሮጌ ዩፒኤስ ከሚወጣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያግኙ፤ ዩፒኤሱ «ሞተ» ተብሎ ቢጣልም ባትሪው ተሞልቶ ለሦስት አምፖል የሚበቃ ጉልበት ሊኖረው ይችላል። አንድ አምፖል በሙሉ ድምቀቱ 0.42 አምፔር ያህል ይወስዳል።

ይህ ባትሪ ከድንጋይ የተለየ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ከተነካኩ ሽቦው ግሎ እጅ ያቃጥላል። ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ባለ 5 አምፔር የመኪና ፊውዝ ሳያስገቡ ለተማሪ አይስጡ።

ቁጥሩ ከሲሙሌሽኑ ጋር ልክ እንዲገጥም አይጠብቁ። የአምፖሉ ክር ሲግል ሪዚስታንሱ 29 ኦም ገደማ ነው፤ ቀዝቃዛ እያለ በመልቲሜትር ቢለኩት ግን የዚያ አንድ አሥረኛ አካባቢ ያሳያል። ሁለት አምፖል በሲሪስ ሲሆኑ ክሮቹ ያን ያህል ስለማይግሉ ከረንቱ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ስለዚህ በዕቃው ድምቀትን ብቻ ያወዳድሩ፣ ቁጥሩን ለሲሙሌሽኑ ይተዉት። ጎበዝ ተማሪ «ለምን አልገጠመም?» ብሎ ከጠየቀዎት ደግሞ የዓመቱን ምርጥ ጥያቄ አገኙ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ። የፌት አዲሶቹ ሲሙሌሽኖች እያንዳንዳቸው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ናቸው፤ አንዴ ካወረዷቸው ያለ ኔትወርክ በብሮውዘር ይከፈታሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆኑ በሌሊት ጥቅል የዓመቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውረድ ይቻላል። ከቀድሞ የተረፉ፣ በየትምህርት ቤቱ ፍላሽ ላይ የሚዞሩ ሁለት ዓይነት አሮጌ ፋይሎች ግን ጊዜዎን እንዳይበሉት። የፍላሽ ፕሌየሮቹ ከጥር 2013 ዓ.ም. ወዲህ በብሮውዘር አይሠሩም፤ የጃቫዎቹ ጃቫ ካልተጫነ አይከፈቱም። የአይሲቲ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 7 ከሆኑ የሚቀበሉት የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው። እሱን ይጫኑና ፋይሎቹን አስቀድመው አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ አንዳንዱ ሲሙሌሽን በአሮጌ ማሽን ይንቀረፈፋል።

ፋይሉን ለባልደረባ በቴሌግራም ሲልኩ የሚያጋጥም ነገር አለ፦ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ሲነካ ነጭ ገጽ ብቻ ይታያል፣ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይባላል። አልተበላሸም። ወደ ስልኩ ዳውንሎድ ፎልደር ያስቀምጡትና ከፋይል ማኔጀር «ክፈት በ» ብለው ክሮምን ይምረጡ።

አይሲቲ ክፍሉ 20 የሚሠራ ኮምፒዩተር ካለው የፕሮጀክተር ነገር ይቅር ማለት ይሻላል። 58 ተማሪ በሦስት በሦስት ይገባል፤ አንዱ ማውስ ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ከእያንዳንዱ ለውጥ በፊት ግምቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። በየጥያቄው ቦታ ይቀያየሩ፤ ካልሆነ ማውሱ እስከ ደወሉ ድረስ በአንድ ልጅ እጅ ይቀራል። ፋይሉን በፍላሽ ወደየማሽኑ መገልበጥ ያሰለቻል፣ ቫይረስም ያዛምታል። ክፍሉ ራውተር ካለው «ኮሊብሪ» የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫኑ፤ የፌትን ስብስብ አንዴ ካወረደ በኋላ ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት የዚያን ኮምፒዩተር አይፒ አድራሻ ከነወደቡ (ብዙ ጊዜ 8080) ጽፈው ይገባሉ። «ያ አድራሻ ዛሬ አልሠራም» የሚለው እሮሮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አዲስ አይፒ ስለሚያድል ነው፤ ለዋናው ኮምፒዩተር ቋሚ አይፒ ያስይዙለት።

መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር 250 ዋት አካባቢ ይስባል፤ ትንሽ ዩፒኤስ ይህን የሚሸከመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያ ዩፒኤስ ትምህርቱን ለማስቀጠል አይበቃም፤ ጥቅሙ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ አምፖሉን አቀዝቅዞ በሥርዓት እንዲጠፋ ጊዜ መስጠቱ ነው፤ በድንገት መጥፋት የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል። ከላይ ባቀረብነው አካሄድ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ያለ ኮረንቲ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ሥዕሉ በጠመኔ ነው፣ ግምቱ በወረቀት ነው፤ መብራት ቢሄድ ማሳያው ወደ መኪና አምፖሎቹ ይዞራል።

11ኛ ክፍል የሚያስተምር ባልደረባ ካለዎት «ፕሮጀክታይል ሞሽን» ስለሚባለው፣ በመድፍ ስለሚተኮስበት የፌት ሲሙሌሽን አንድ ነገር ይንገሩልን። 30 እና 60 ዲግሪ እኩል ርቀት ይጥላሉ፣ 45 ደግሞ ከሁሉ ያርቃል የሚለው እውነት የሚሆነው ተተኳሹ በተነሣበት ከፍታ ሲያርፍና የአየር መቋቋም ሲጠፋ ብቻ ነው። መድፉ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ፍጥነቱ 15 ሜትር በሴኮንድ ከሆነ፣ በ30 ዲግሪ 31 ሜትር፣ በ60 ዲግሪ 24.5 ሜትር ያርፋል፤ ከሁሉ የሚርቀውም በ36 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳያስተውሉ መድፉን ከፍታ ላይ ትተው ክፍል ፊት የሚፋጠጡ አሉ። ከፍታውን መጀመሪያ ዜሮ ያድርጉ፤ ተማሪው ሕጉን ከያዘ በኋላ መድፉን ሆን ብለው ከፍ ያድርጉትና «አሁንስ 45 ነው?» ይበሉ።

ቪዲዮ ላይ ብዙ አንልም። ከ3 ደቂቃ የሚበልጥ አያሳዩ፤ ውጤቱ ከመታየቱ አንድ ሴኮንድ በፊት የሚቆምበትን ሰዓት በወረቀት ይዘው ይግቡ። የተናጋሪው እንግሊዝኛ የሚፈጥን ከሆነ ድምፁን ያጥፉትና ራስዎ ይናገሩ፤ የሲሙሌሽኖቹን ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛው ይተዉት፤ መጽሐፉም ፈተናውም በዚያው ቋንቋ ነው።

የቀረው ፈተናው ነው። የሁለቱ ሴክሽኖች ውጤት እኩል የሆነበት አንዱ ምክንያት ጥያቄዎቹም ሊሆኑ ይችላሉ፤ «ሦስት ባለ 10 ኦም ሪዚስተሮች በሲሪስ ስንት ይሆናሉ?» የሚለውን ሲሙሌሽን ያላየም ይመልሰዋል። ከሚቀጥለው ፈተና ውስጥ አንዱን እንዲህ ያድርጉት፦ ሰርኪቱን እንደነበረ ይሳሉ፤ «ሀ»ን ግን ከፓራለሉ በኋላ፣ ወደ ባትሪው መመለሻ ላይ ያስቀምጡት። በ«ሐ» ቦታ ባለ 10 ኦሙን አውጥተው ባለ 40 ኦም ሪዚስተር ያስገቡ። «የ‹ሀ› ድምቀት ምን ይሆናል? ምክንያትህን በአንድ መስመር ጻፍ» ይበሉ፤ ለምርጫው 1፣ ለምክንያቱ 2 ነጥብ። አጠቃላዩ ከ15 ወደ 18 ኦም ስለሚወጣ ከረንቱ ከ0.6 ወደ 0.5 ይወርዳል፣ «ሀ» ይደበዝዛል። ይህ ጥያቄ «ከረንት ፊቱን አያውቅም» የሚለውን ተማሪ ላይለየው ይችላል፤ «ሀ» አሁን ከኋላ ስለሆነ በተሳሳተ መንገድ ትክክለኛ መልስ ላይ ሊደርስ ይችላልና። ስለዚህ ለግማሹ ክፍል «ሀ»ን ከፊት፣ ለግማሹ ከኋላ አድርገው በሁለት ኮድ ያውጡትና የሁለቱን ወረቀቶች ውጤት ጎን ለጎን ያስተያዩ።